የጋንፕላ መቆሚያ ልትሠሩ ነው? ከታንኩ ሳይሆን ከባቡሩ መደርደሪያ ግዙ

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው፤ እስከ ታች ማንበብ ለሚሰለቻችሁ። 1/144 (ማለትም ከልኩ 144 ጊዜ ያነሰ) ሮቦት ገጣጥማችሁ ከሥሩ መሬት ልትሠሩለት ካሰባችሁ፣ ሆቢ ሱቅ ስትገቡ «ዲዮራማ» (ትንሽዬ የመሬት ትዕይንት) ተብሎ የተጻፈበት መደርደሪያ ጋ አትቁሙ። እሱ ሞዴል ታንክ ለሚሠሩ ሰዎች ነው። አልፋችሁ ወደ ሞዴል ባቡሮቹ ሂዱ። ጠጠሩ፣ ሣሩ፣ ሰዉ፣ ሐዲዱ፣ ሁሉም እዚያ አለ፤ ስኬሉም ለእናንተ ሮቦት ታስቦ የተሠራ ያህል ነው።

ለአዲሶች በአጭሩ። ጋንፕላ ማለት የጃፓኑ ባንዳይ የሚያወጣው የጋንዳም ሮቦት ኪት ነው። ተከታታዩ በ1979 ቲቪ ላይ ወጣ፣ የመጀመሪያው ኪት ደግሞ በ1980 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ያኔ በ1/144 ስኬል፣ በ300 የን ይሸጥ ነበር። ዛሬ ክፍሎቹ በየቀለማቸው ተቀርጸው ስለሚመጡ ቀለም ሳትቀቡ፣ ማጣበቂያም ሳትነኩ ሮቦቱ ይቆማል። ኪሱ ደህና የሆነ ሰው 1/100 ማስተር ግሬድ ወይም 1/60 ፐርፌክት ግሬድ ይገዛል። እኔ የሃይ ግሬድ ሰው ነኝ፣ ማለትም 1/144፤ ይኼም ግምገማ ለዚያ ስኬል ብቻ ነው። በ1/100 የምትሠሩ፣ ከዚህ ውስጥ ግማሹ አይሆናችሁም። ይቅርታ።

ኪቱ ራሱ እንከን አይወጣለትም። ጨርሳችሁ ጠረጴዛ ላይ ስታቆሙት ግን አሥራ ሁለት ሴንቲ የሚሆን አሻንጉሊት ነው፣ በቃ። እኔ የሠራሁት ዛኩን ነው፣ ያ አረንጓዴውን ባለ አንድ ዓይን የጠላት ሮቦት። በታሪኩ ቁመቱ 17.5 ሜትር ነው፤ ባለ አምስት ወይም ስድስት ፎቅ ሕንፃ በሉት። ዮኮሃማ ውስጥ ከ2020 መጨረሻ እስከ 2024 መጋቢት ለሕዝብ የቆመው ባለ 18 ሜትሩ ተንቀሳቃሽ ጋንዳም ፎቶው ላይ የሚያስደነግጠው ከእግሩ ሥር ሰዎች ስላሉ ነው። ሰዎቹን በጣታችሁ ሸፍኗቸውና እዩት፣ ወዲያው ያንሳል። መቆሚያ የሚሠራው ለዚህ ነው፦ አሥራ ሁለቷን ሴንቲ 17.5 ሜትር ናት ብሎ ዓይንን ለማሳመን። ከታች ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ የመዘንኳቸው በዚህ ብቻ ነው። ቆንጆ ሆኖ ሮቦቱን የሚያሳንስ ዕቃ ከእኔ ማርክ አያገኝም።

መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሚገዛው በብልቃጥ የሚሸጠውን የአፈር ክሬም ነው። አክሪሊክ ውስጥ አሸዋ መሳይ ነገር ተቀላቅሎበት በስፓቱላ የሚለቀለቅ። ታሚያም አለው፣ ቫሌሆም አለው፣ ኤኬም አለው። አጠቃቀሙ ደስ ይላል፤ አይሸትም፣ ብሩሹም በውሃ ይለቃል። ነገር ግን አብዛኛው እንዲህ ያለ ዕቃ የሚታሰበው ለ1/35 ታንክ ነው። እስቲ እናስላው። ግማሽ ሚሊሜትር የምታክል ፍሬ በ1/35 ሁለት ሴንቲ የማትሞላ ጠጠር ናት። ያችው ፍሬ በ1/144 ሰባት ሴንቲ ትሆናለች፤ ቡጢ የምታክል ድንጋይ ማለት ነው። መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ቡጢ በሚያክል ድንጋይ ሲሞላ ዓይናችን መሬቱ ድንጋያማ ነው ብሎ አያስብም፤ ሮቦቱ ትንሽ ነው ብሎ ነው የሚፈርደው። ስለዚህ ከገዛችሁ ለስላሳውን፣ ጭቃ የሚመስለውን ብቻ። ጠጠርና ሻካራ አሸዋ የሚለውን ለታንክ ሰዎቹ ተዉላቸው።

ወደ ባቡሩ መደርደሪያ እንሂድ። ኤን የሚባለው የባቡር ስኬል 1/160 ነው፤ ጃፓኖቹ የራሳቸውን ባቡር በአብዛኛው በ1/150 ይሠሩታል። ከእኛ 1/144 ጋር ያለው ልዩነት በዓይን አይያዝም። እዚህ አሜሪካ ያለን ሰዎች በቀላሉ የምናገኘው የሚዙሪውን ውድላንድ ሲኒክስ ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የተጠቀምኩት የእነሱን ዕቃ ነው። ለሐዲድ ጠጠር ብለው የሚሸጡት ከተፈጨ የዋልነት ቅርፊት የተሠራ ሲሆን ደቃቅ፣ መካከለኛና ሻካራ ተብሎ ይከፈላል። ደቃቁን ግዙ። ሻካራውን ከዳገት ሥር ለተንከባለለ ድንጋይ ትንሽ ቆንጥሮ መበተን ይቻላል፣ ከዚያ አያልፍም።

አንድ ጠባይ ግን አለው። ድንጋይ ስላልሆነ ይቀላል፤ ኮላ በቀጥታ ስታፈሱበት ይንሳፈፍና አንድ ቦታ ይከመራል። መጀመሪያ አልኮል በውሃ በጥብጣችሁ በመርጫ አርጥቡት። ከዚያ በውሃ የቀጠነ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና ተጨምሮበት፣ በስሪንጅ ከዳር በኩል አስገቡለት። ራሱ እየሰረገ ይሄዳል። ሱቁ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ ማጣበቂያም አለ፤ ጥሩ ነው፣ ሲደርቅ አያብረቀርቅም። ተራው ኮላ ግን በጣም በርካሽ ያንኑ ይሠራል። ብልጭልጭታውን የፈራ ሰው በመጨረሻ ማት ቫርኒሽ ይርጭበት።

የእኔ መልክዓ ምድር መተሐራ ነው። ጋንፕላ በፈራረሰ የጃፓን ከተማ መሃል ማቆም ሰው ሁሉ የሚሠራው ነው። እኔ የፈለግኩት ፈንታሌ ተራራ ሥር ያለውን ያን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር፣ ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ በመስኮት በኩል የሚታየውን፣ እየሰፋ አስፋልቱንም ሐዲዱንም ሲያስቸግር የኖረው የበሰቃ ሐይቅ ዳር። ባለ አንድ ዓይን ሮቦት እዚያ ምን ይሠራል? እኔንጃ። ግን ያ ቦታ ያለ ሮቦትም የሌላ ፕላኔት ነው የሚመስለው።

ለድንጋዩ ብዙ ገንዘብ አይወጣም። የዓሣ ገንዳ ማስጌጫ ተብሎ የሚሸጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የላቫ ድንጋይ አለ። በጨርቅ ጠቅልላችሁ በመዶሻ ፈርክሱት፣ ዓይናችሁን ግን ሸፍኑ። ድንጋይ ከሌላው ዕቃ ሁሉ የሚለይበት አንድ ነገር አለው፦ ትንሹም ትልቁም ስብራቱ አንድ ዓይነት ነው። ጂኦሎጂስቶች ድንጋይ ፎቶ ሲያነሱ አጠገቡ መዶሻ ወይም ሳንቲም የሚያስቀምጡትም ለዚህ ነው፣ ያለዚያ የገደል ፎቶ ይሁን የጠጠር አይለይም። እኛ ደግሞ የምንፈልገው እንዳይለይ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ስባሪ በ1/144 ከሰው የምትበልጥ ቋጥኝ ሆና ትታያለች። ሣርና ጡብ ይኼን አይችሉም፤ የእነሱን ልክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቀለሙን ግን ሙሉ ጥቁር አታድርጉት። ጥቁር ቀለም ትንሽ ነገር ላይ ሲቀባ ጉድጓድ ይመስላል። ጠቆር ያለ ግራጫ ቀቡትና ብሩሹን በወረቀት ጠርጋችሁ፣ ደረቅ እስኪሆን፣ ጫፍ ጫፉን በነጣ ግራጫ ነካ ነካ አድርጉት።

ሐዲዱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም የወደድኩት እሱን ነው። በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። ለ144 አካፍሉት፣ ወደ 6.9 ሚሊሜትር ይመጣል። የኤን ሐዲድ 9 ሚሊሜትር ስለሆነ ለዚህ ይሰፋል። ከኤኑ አጠገብ ግን ዜድ የሚባል ሌላ አለ፣ የጀርመኑ ማርክሊን በ1972 ያወጣው፣ 1/220 የሆነ በጣም ትንሽ ባቡር፤ ሐዲዱ 6.5 ሚሊሜትር ነው። ልዩነቱ ግማሽ ሚሊ አይሞላም! ይኼን ሳሰላ ብቻዬን ሳቅኩ። አዲሱን፣ በ2016 የተመረቀውን መሥመር መሥራት የሚፈልግ ደግሞ ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር ነው፤ በእኛ ስኬል ወደ 10 ሚሊ ስለሚሆን የኤኑ 9 በትንሹ ቢጠብም ያስኬዳል።

የዜዱ ጉድለት ከሐዲዱ ሥር የሚጋደሙት አግዳሚዎች ናቸው። ለ1/220 ስለተሠሩ ያጥራሉ፣ ተቀራርበዋልም። መድኃኒቱ አቧራ ነው፤ ደቃቁን ጠጠርና በወንፊት የተነፋ አሸዋ አልብሷቸው፣ ብረቱ ብቻ ብቅ ይበል። ባቡር መሄድ ያቆመበት ሐዲድ እንደሆነ እንዲታወቅ የብረቱን ጎን ብቻ ሳይሆን አናቱንም በዝገት ቀለም ቀቡት። የሚሠራ ሐዲድ አናቱ ያበራል፣ የተተወ አያበራም። ዛኩ አንድ እግሩን እዚያ ላይ አሳርፎ ሐዲዱን አጣሞታል፤ በፒንሳ የተጠመዘዘ ነው።

ከሥር ያለው ፎም ነው። እዚህ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ለሙቀት መከላከያ የሚሸጡትን ሮዝ ወይም ሰማያዊ ጠንካራ ፎም ማለቴ ነው። የቲቪ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ፣ ፍሬ ፍሬ የሆነው ሲቆረጥ ይፈረፈርና ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል፤ ሌላ ከጠፋ ግን ይሆናል። በሚግል ሽቦ መቁረጥ ያምራል፣ ጭሱ ግን ጥሩ አይደለም፤ መስኮት ክፈቱ። እኔ ረጅም ምላስ ያለው ከተር ይሻለኛል። ተጠንቀቁ፣ ተራ የስፕሬይ ቀለም ፎሙን ይበላዋል፤ በውስጡ ያለው ማቅጠኛ ያቀልጠዋል። መጀመሪያ ኮላና አክሪሊክ ቀለም ቀላቅላችሁ ጥግ ጥጉን ሳይቀር ሸፍኑት። ኮረብታውን ለማለስለስ የጀሶ ጨርቅ ይሸጣል፣ በውሃ ነክሮ ማልበስ ነው፣ ለትልቅ የባቡር ጠረጴዛ ግሩም ነው። ለእንዲህ ያለች ሠላሳ ሴንቲ ለማትሞላ ቁራጭ ግን ሶፍት በኮላ ከበቂ በላይ ነው።

ሣሩ ትንሽ ያናድዳል። የሣር ክሩ በኤሌክትሪክ ቆሞ እንዲጣበቅ የሚያደርግ መርጫ መሣሪያ አለ፤ ትንሿ የእጅ መርጫ ለዚህ ሥራ ትበቃለች፣ ትልቁን አትግዙ። ርዝመቱን ስትመርጡ ግን አሁንም ሂሳብ፦ 2 ሚሊ በእኛ ስኬል 29 ሴንቲ ሣር ነው፣ ደህና። 6 ሚሊ ወደ 86 ሴንቲ ይሆናል፣ ከሰው ወገብ አይርቅም። 12 ሚሊ የገዛ ሰው ሸንኮራ አገዳ ነው የተከለው (እርግጥ መተሐራ ሸንኮራም አለ፣ ስኳር ፋብሪካውን ረስቼ አይደለም)። ቀለሙ ሌላ ጣጣ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው አረንጓዴ ሁሉ የአውሮፓ መስክ ነው፣ ላም የሚያስመኝ ለምለም። ለቆላ ገለባማ ቢጫውን ፈልጉ፣ እሱንም አሳስታችሁ፣ እዚህም እዚያም። በእሱ ላይ ፋይን ተርፍ የሚሉትን የተፈጨ ስፖንጅ፣ ቡናማና ደረቅ ቢጫውን ቀላቅላችሁ ነስነስ ብታደርጉበት መሬቱ ነፍስ ይዘራል።

ግራርማ እኔ መደርደሪያው ላይ አላገኘሁም። ያየሁት ጥድና ክብ ዛፍ ነው። ቀጭን ሽቦ ጠምዝዛችሁ ግንዱን ሥሩ፣ ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ ከፍታችሁ አናታቸውን በአንድ ልክ ጠፍጥፉት፣ የትራስ ጥጥ በስሱ ዘርግታችሁ ስፖንጁን በትኑበት። ቁመቱ ከአምስት ሴንቲ አይለፍ፤ በ1/144 ሰባት ሜትር ነው፣ የዛኩ ጭን አካባቢ ቢደርስ ነው። ይኼ አንድ ዛፍ ለትልቅነቱ የሠራው ሥራ ከክሬሙም ከሣሩም ይበልጣል።

ከዛፉም የሚበልጠው ሰው ነው። የጀርመኑ ፕራይዘር የኤን ሰዎች አሉት፣ 1/160፤ 1.75 ሜትር ሰው 11 ሚሊ አካባቢ ይሆናል። በ1/144 ቢሆን 12 ነበር። አንዲት ሚሊ ነው፣ ሰው ደግሞ አጭርም ረጅምም አለ። አሠራራቸው ያስገርማል፣ በዚያ መጠን ጣት ኪስ ውስጥ ሲገባ ይታያል። ነገር ግን እኔ የገዛሁት ፓኬት ውስጥ ያሉት ሁሉም የጀርመን ተሳፋሪዎች ናቸው፣ ሻንጣና ኮፍያ። ሻንጣውን በከተር ቆርጬ፣ ዱላ ከቀጭን ሽቦ ሠርቼ፣ ኮላ የነካ የሶፍት ቁራጭ ትከሻው ላይ ጣል ሳደርግበት የከረዩ ግመል ጠባቂ ወጣው። ግመሎቹን ከኤፖክሲ ጭቃ (ሁለት ክፍሉ ሲደባለቅ የሚጠነክር) በእጅ ነው የሠራኋቸው፣ እያንዳንዱ አሥራ አምስት ሚሊ የማይሞላ። ቀረብ ብላችሁ ካያችሁ ግመል አይደሉም። ክንድ ያህል ራቅ በሉ፣ ይሆናሉ።

አሁን ስለማትገዙት ነገር። ኦንላይን «ሙሉ የዲዮራማ ስብስብ» እየተባለ የሚሸጥ ሳጥን አለ፣ ከአንዱ ሻጭ አዝዤ ነበር። ስኬሉ የትም አልተጻፈም። ዛፎቹ የፕላስቲክ ብሮኮሊ ናቸው፣ «ድንጋዩ» ቀለም የተቀባ ስፖንጅ፣ ሣሩ ደግሞ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ የመጣ ፍሎረሰንት አረንጓዴ። ለሻጩ ስኬሉ ስንት ነው ብዬ ስጽፍ «ለሁሉም ይሆናል» አለኝ። ለሁሉም የሚሆን ስኬል የለም፣ ወዳጄ። ከሳጥኑ ውስጥ የተጠቀምኩት ብሩሹን ብቻ ነው፣ እሱም ለኮላ።

ሮቦቱንና መሬቱን ማስታረቅ ሌላ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። የምታምር መሬት ላይ ከሳጥን የወጣ ንጹሕ ሮቦት ስታቆሙ ሁለት የማይተዋወቁ ነገሮች ይሆናሉ። ለመሬቱ የተጠቀማችሁበትን የዱቄት ቀለም ራሱን ለእግሩም ተጠቀሙ፣ ከታች ወፍራም፣ ወደ ጉልበቱ እየሳሳ። ክብደቱም ይታይ። ዛኩ በታሪኩ ሙሉ ትጥቁን ይዞ 73.3 ቶን ነው፣ ሁለት ቲ-55 ታንክ ተደራርቦ ማለት ነው። ይኼ ነገር አፈር ላይ ሲቆም ይሰምጣል። የአፈሩ ክሬም ሳይደርቅ እግሩን በቀጭን ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ተጫኑበትና አንሱት፤ ዱካው ሲቀር በኋላ ሮቦቱ ልክ ቦታው ላይ ይቀመጣል። እግሩ ሥር ክፍት ከሆነ፣ በተለይ የቆዩ ኪቶች ላይ፣ ኤፖክሲ ሞልታችሁ ሽቦ ትከሉበት፣ ሽቦውን ፎሙ ውስጥ ሰክታችሁ አቁሙት። በኮላ ብቻ አትመኑ። ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ የሮቦቱ አካል ላይ ያሉትን መሥመሮች ለማጉላት የሚፈስሰው የኢናሜል ቀለም ማቅጠኛው መጋጠሚያዎቹ ላይ ያለውን ኤቢኤስ ፕላስቲክ ሊሰነጥቀው ይችላል። እዚያ አካባቢ በአክሪሊክ ተወሰኑ።

ስለ ውሃ ብዙ አልልም። ሁለቱ ፈሳሾች የሚቀላቀሉበት ሬዚን ጥልቅ ውሃ ያሳምራል፣ ግን ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ዳሩ ካልተዘጋ ጠረጴዛችሁ ላይ ያመልጣል። ለበሰቃ ጠርዝ ፎሙን ጠቆር ባለ አረንጓዴ ሰማያዊ ቀብቶ የሚያብረቀርቅ አክሪሊክ ጄል በስሱ ደራርቦ ማድረቅ በቃኝ። ማዕበል አትሥሩ። በዚህ ስኬል የሐይቅ ሞገድ በጭንቅ ነው የሚታየው።

የባንዳይን አክሽን ቤዝ (ሮቦቱን አየር ላይ የሚይዘውን የፕላስቲክ መቆሚያ) የሚያነሳ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥሩ ነው፣ ለሚበር ሮቦት ከእሱ ሌላ አልፈልግም፤ መሬት ለሚረግጥ ግን መልስ አይሆንም።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታነቡ፣ አብዛኛው ነገር እጃችሁ ላይ ነው፣ ከእኛም ይሻላል። ኮላና ጀሶ የትም አለ። ሰጋቱራ በወንፊት ነፍታችሁ በአክሪሊክ አቅልማችሁ አድርቁት፤ የተፈጨ ስፖንጅ ከመምጣቱ በፊት የባቡር ሞዴል ሰዎች ሣር የሚሠሩት በእሱ ነበር። ግንባታ ላይ ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር አንድ እፍኝ ለምኑ፤ እኔ ከዓሣ ሱቅ በገንዘብ የገዛሁት የእሱን ዘመድ ነው። ቀዩን ቀለሙን እንዳለ ብትተዉትም ያምራል። ከውጭ ሰው ሲመጣ የምታስልኩት ሦስት ነገር ብቻ ይሁን፦ ባለ 2 ሚሊ ገለባማ ሣር ከነትንሿ መርጫ፣ አንድ ፓኬት የኤን ሰዎች፣ እና ቁራጭ የዜድ ሐዲድ። ሦስቱም ሻንጣ ውስጥ ክብደት የላቸውም። ስፕሬይ ቀለምና ኢናሜል ግን ማንንም አታስይዙ፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን አይፈቀድም፣ ኤርፖርት ላይ ይቀማል።